ለእናቴ ያልነገርኳት ኮንሰርት

አዲስ አበባ አሥራ ሁለት ዓመት ስኖር ብዙ ነገር ተምሬ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ከተማርኳቸው አንዱ ሰርፕራይዝ የሚባለው ነገር ነው። ለሰውየው ሳትነግሩት ወዳጅ ዘመዱን ትሰበስባላችሁ፤ በሩን ከፍቶ ሲገባ ትጮሁበታላችሁ፤ እሱም ደንግጦ ይስቃል። በትውልድ አገሬ በጋይንት ሰው ሳይነገረው ዘመድ የሚሰበሰብለት ለምን እንደሆነ ግን ረስቼው ነበር።

የሙዚቃ ቲያትር ዘፋኝ ነኝ። ታሪኩ መድረክ ላይ እየተተወነ፣ ንግግር አልበቃ ሲል በዘፈን የሚቀጥልበት ዓይነት ቲያትር ነው። ንግሥት ሆኜ ዘፍኛለሁ፣ ጠጅ ሻጭ ሆኜ ዘፍኛለሁ፣ አንዴ ጅብ ሆኜም ዘፍኛለሁ። ራሴን ሆኜ ግን ዘፍኜ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ንፋስ መውጫ ያለችው ትንሽ የባህል አዳራሽ ብቻዬን እንድዘፍን ስትጠራኝ እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ሰማኒያ ወንበር፣ አንድ ኪቦርድ ተጫዋች፣ ዐሥር ዘፈን፣ በየመሃሉም ጨዋታ። ከገጠር የሚመጣው ሰው ሳይመሽበት እንዲመለስ ብለን እሑድ ከቅዳሴ መልስ አደረግነው።

እናቴ የምትኖረው አርብ ገበያ አጠገብ ካለ ቀበሌ ነው። ስዘፍን አይታኝ አታውቅም። «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲሏት «መንግሥት ቤት ናት» ትላለች። ቲያትር ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ዋሸች አይባልም።

ያኔ ታናሽ ወንድሜ ድምፁ ከጠፋ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ሄዶ፣ ከባሕሩ ዳር ሆኖ «ነገ ጀልባ እንሳፈራለን» ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ አልሠራም። እናቴ በየሳምንቱ እየደወለች፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «የልጄ ነገርስ?» ትለኛለች። በሦስተኛው ወር ድምጿ እየቀጠነ መጣ። ልሰማው አልቻልኩምና ዋሸኋት። ሳዑዲ፣ ጂዛን የሚሠራ አንድ የአገራችን ሰው ገበያ ላይ አይቶታል፣ ደህና ነው፣ ያልደወለው ስልክ ስለሌለው ነው አልኳት። ድምጿ ተመለሰ። እኔም ውሸቱን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየቀለብኩ አሳደግኩት። አዛኝ ቅቤ አንጓች ማለት እኔ ነኝ።

ኮንሰርቱ ሲደርስ ለአክስቴ ደወልኩላት። ንፋስ መውጫ ነው ቤቷ። «እናቴን ቅዳሜ አስመጪልኝ፣ አንቺ ዘንድ ትደር፤ ለምን እንደሆነ ግን እንዳትነግሪያት» አልኳት። የእናቴን ወንድም፣ አጎቴንም ጠራኋቸው። ቄስ ናቸው፤ ዘፈን ያለበት መግባት ከብዷቸው «ለእህትዎ ሲሉ» ብዬ ስለምናቸው ነው እሺ ያሉኝ። ከእስቴም ሁለት የአጎቴ ልጆች መጡ። ሁሉም ከፊት ረድፍ እንዲቀመጡ አደረግኩ፤ እናቴ መሃል፣ አክስቴ በቀኟ፣ ቄሱ በግራዋ። እንዴት ያምራል አልኩ በልቤ።

እናቴ ስትገባ ከመጋረጃው ጥግ ሆኜ አየኋት። መድረኩን ዞር ብላም አላየችው። የዘመዶቿን ፊት ተራ በተራ ታይ ነበር። አክስቴ ልታስቀምጣት ክንዷን ስትይዛት መንጭቃ አስለቀቀቻት። መንገዱ አድክሟት ነው ብዬ አለፍኩት።

ወጣሁ። ረጅም ጥቁር ቀሚስ ለብሼ ነበር፤ አዲስ አበባ መድረክ ላይ ጥቁር ማለት ማማር ነው። ሰው አጨበጨበ። እናቴ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ኮርታብኛለች አልኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች ዝግ ያሉ ነበሩ፤ የጭፈራውን ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ። እየዘፈንኩ በዓይኔ ስፈልጋት ዓይኗ በሩ ላይ ነበር። ከበሩ ወደ ቄሱ፣ ከቄሱ ወደ በሩ።

ሦስተኛው ሙሾ ነው። በቲያትሩ ውስጥ አንዲት እህት ከጦር ሜዳ ላልተመለሰ ወንድሟ የምታወርደው። ከዝርዝሩ ላወጣው አስቤ ነበር። ያላወጣሁበትን ምክንያት ሳልሸፋፍን ልናገር፤ ከሁሉ አብልጦ የሚጨበጨብልኝ በእሱ ነው። ያን ሰሞን ስለማመደውም ወንድሜን ካሰብኩ እንባዬ በሰዓቱ ይመጣልኝ ነበር። አዘጋጃችን «ያለሽን ተጠቀሚ» ይለኝ ነበር። ወንድሜን ተጠቀምኩበት።

መንገዱን ብጠይቅ መንገዱ ዝም አለኝ፣
ወንድሜን የሸኘ እግሬ ብቻ ቀረኝ።

ከኋላ አንዲት ሴት «ወይ ወንድሜ!» አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። አዳራሹ ውስጥ የሚነፋረቀው በዛ፤ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እግዜር ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ። ያዝኳቸው፣ አልኩ። ከዚያ ወደ ፊተኛው ረድፍ ዞርኩ።

እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ እያሰረች ነበር። በእኛ አገር ሴት ሐዘን ሲደርስባት እንዲያ ታስራለች፤ ደረት የሚመታው እጅ ነፃ እንዲሆን። አክስቴ ግራ ገብቷት ክንዷን ያዘቻት። አጎቴም በዚያኛው በኩል ያዟት።

ያን ጊዜ ሁሉም ባንዴ ገባኝ። መርዶ በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም። ባለሐዘኗ በሰበብ ዘመድ ቤት ትጠራለች። ምክንያቱ አይነገራትም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቄስ አይታጣም፣ ስትወድቅ የሚደግፏት ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። እኔ አንዱንም ሳላጎድል አሟልቼው ነበር። ጥቁር ለብሼ ከፊቷ ቆሜ ስለ ወንድም ሙሾ አወርድ ነበር።

አቆምኩ። ኪቦርዱ ጥቂት ብቻውን ሄዶ ዝም አለ። እናቴ ብድግ አለች።

«መቼ ነው?» አለች።

«እማየ፣ ዘፈን ነው። ቲያትር ነው።»

«እሱን ተይው። መቼ ነው የሰማሽው?»

«ምንም አልሰማሁም! ደህና ነው!»

«ደህና ነው ስትይኝ አይደለም ወይ የከረምሽው!»

አጎቴ ቀስ ብለው «እኅት ዓለም፣ ተረጋጊ እንጂ» አሏት። ቄስ ተረጋጊ ካለ ያለቀለት ነገር ነው። እናቴ ጮኸች። አክስቴ ልታስተባብል ብላ «ኧረ እኛ የምናውቀው የለም! እንዳትነግሪያት ስላለችኝ ነው እንጂ!» አለችና ጭራሹን አባሰችው።

«አያችሁ!» አለች እናቴ ወደ ሰዉ ዞራ። «አትንገሯት ተባብለውብኛል!»

ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች። ድምጿ ዝቅ አለ። «እንግዲያው ማይልኝ። ወንድሜ ይሙት በይ።»

ወንድሜ ይሙት አገር ምድሩ የሚምልበት መሐላ ነው፤ ገበያ ላይ ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ይማልበታል። እኔም መድረክ ላይ ሌላ ሰው ጽፎ የሰጠኝን ስንቱን ምያለሁ። ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም አለኝ። ያለበትን የማላውቀውን ልጅ እንዴት ይሙት ልበል? ሰማኒያ ሰው ይጠብቀኛል። ከኋላ በኩል አንዱ «አልማለችም» አለ። እናቴም ሰማችው።

ማይክሮፎኑን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ወረድኩ። እግሯ ሥር ተንበረከክኩ።

«እማየ፣ አላውቅም» አልኳት።

«ምኑን?»

«መኖሩንም፣ መሞቱንም። ማንም የነገረኝ የለም። አንቺ የምታውቂውን ያህል ነው የማውቀው።»

«ያ ጂዛን ያየው ሰውየስ?»

ከዚህ የሚያስጥል ሌላ ውሸት ፈለግኩ። አልመጣልኝም።

«ማንም አላየውም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

በጥፊ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር። የዘር እህል ስትገዛ እንደምታየው አድርጋ ፊቴን አየችው። ከዚያ ወገቧ ላይ ያሰረችውን ነጠላ ፈታች፤ ቋጠሮው አስቸገራት፤ ማንም እንዲረዳት አልፈቀደችም። ትከሻዋ ላይ መልሳ አጣፋችው።

«ካልታወቀ አልሞተም» አለች። ለእኔ አይደለም፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ነው። «በይ ውጪና ዝፈኚ። ያን የለቅሶውን ተይው፣ የጭፈራውን አምጪ።»

«አልችልም እማየ።»

«ትችያለሽ! አሁን ብታቆሚ ይሄ ሁሉ ሰው ለልጄ እንደተለቀሰለት ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚገባ። ሞቱ ሳይሰማ አይለቀስለትም። ውጪ አልሁሽ!»

ወጣሁ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ደንግጦ ከልኩ በላይ አፍጥኖ ጀመረ፣ እኔም ከድምፅ ወጥቼ ገባሁ። እናቴ ቆማ ታጨበጭባለች። ከምቱ ጋር አልገጠመችም፣ ፈገግም አላለችም፤ ዓይኗን ግን ከእኔ አልነቀለችም። ሰዉ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ያያታል። መጀመሪያ የተከተሏት አጎቴ ናቸው፤ በማኅሌት እንደለመዱት ዝግ ብለው ማጨብጨብ ጀመሩ። ከዚያ ሌላው ተከተለ። የቀሩትን ሰባቱንም ዘፈን ጨረስኩ። በየመሃሉ ላወራ ያዘጋጀሁትን ጨዋታ ሁሉ ዘለልኩት፤ ትንሽ ዝም ካልኩ ለቅሶው ይመለሳል ብዬ ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ ዘፍኜ አላውቅም።

ስንወጣ ፀሐዩ ገና ከፍ ብሎ ነበር። ከእናቴ ጋር ለሁለት ባጃጅ ይዘን ወደ አክስቴ ቤት ሄድን። ይቅርታ ልጠይቃት ቃል እየፈለግኩ፣ ያገኘሁት ሁሉ የቲያትር ቃል እየመሰለኝ ተውኩት። አፍሬ ነበር። እሷ አልተቆጣችኝም። መንገዱን እያየች ተናገረች።

«ሰማያዊ ሹራብ ለብሶ ነበር ብለሽኝ ነበር። ያ ሰውየ ሲያየው።»

«አዎ።»

«ሹራቡንም አንቺ ነሽ?»

«አዎ እማየ።»

ራሷን ነቀነቀች። ባጃጁ ኮረኮንቹ ላይ ሲዘል ክንዴን ያዘችና ሳትለቀው ቀረች።

«ያ አገር ሙቀቱ አያስቆምም ሲሉ እሰማለሁ» አለች። «ምነው ያን ሹራብ ባወለቀው እያልሁ ስጨነቅ ነበር የከረምሁ።»