የሂልያ ደወል

ሬይዮ ሚስቱን ቅዳሜ ቀብሮ ሰኞ ሥራ ገባ። በካይኑ፣ ደንና በረዶ በበዛበት በዚያ የፊንላንድ ጫፍ፣ ይህን ማንም እንደ ጉድ አያየውም። የሚኖርበት ሕንፃ ዘበኛ ባንዲራውን እስከ ምሰሶው ወገብ ብቻ ሰቅሎለት ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ ካርድ ፈርመው ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት፤ አንዱ ደፈር ብሎ ትከሻውን ነካ አደረገው። ለቅሶ መድረስ ማለት ይኸው ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ከተባለ፣ ያ መሥሪያ ቤት በሀብት አገሩን ይገዛል።

እሱም አላለቀሰም። እንባውን ዋጥ አድርጎት አይደለም፤ ቢፈልገው ውስጡ አጣው። ጠዋት ይነሳል፣ የአጃ ገንፎውን ይበላል፣ ይበላል እንጂ አይጣፍጠውም። የሚስቱን የኪርስቲን ቦቲ ጫማ በሩ ሥር ያየዋል፤ አልፎት ይወጣል። አንዳንዴ ክንዱን ይቆነጥጣል፣ ያመዋል። እንግዲህ ቆዳው ደህና ነው፤ የደነዘዘው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአማቱ የሂልያ ፊት። ሂልያ ያለቻቸውን አንዲት ልጅ ቀብረው ወደ አረጋውያኑ ቤት ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ በስልክ ደጋግመው ጠርተውታል፤ አንድም ቀን አላነሳውም። ምን ይበላቸው? ያቺን የመሰለች ሚስት ሞታበት፣ በደረቅ ዓይን እንዴት ፊታቸው ይቁም?

ሥራ ግን የሰው ጭንቀት አይጠይቅም። ሬይዮ የማዘጋጃ ቤቱ የኔትወርክ ባለሙያ ነው፤ የአረጋውያኑ ቤት አሮጌ ስዊች፣ ገመዱ ሁሉ የሚሰካበት ያ ጠፍጣፋ ሣጥን፣ ተነቅሎ አዲስ እንዲተከል ታዘዘ። በትልልቅ ቦታ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ እየተጠያየቁ መንገዳቸውን ራሳቸው ያገኛሉ። እዚህ ሬይዮ በእጁ ይጽፍላቸዋል፤ ወደዚህ አድራሻ የሚሄድ በዚህ በር ይውጣ እያለ። በእጅ የተጻፈ መንገድ ግትር ነው፤ ካልነገሩት አያውቅም፣ የነገሩትንም አይለውጥም። ሬይዮ ይህን ጠባዩን ይወድለት ነበር።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ጽፎ ሲጨርስ ነርሷ ኡላ ብቅ አለች።

“ጋሽ ሬይዮ፣ ጨረሱ እንዴ?”

“ጨርሻለሁ። እስቲ አንዱን የነርስ መጥሪያ ደወል ሞክሪልኝ።”

“እጄ ሳሙና ነው፣ ሰው እያጠብኩ ነው። ስድስት ቁጥር ክፍል ያሉት ይጫኑልዎት።”

ስድስት ቁጥር ሂልያ ናቸው።

መስኮቱ ሥር፣ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ፣ ደወሉን እንደ ሰዓት እጃቸው ላይ አስረው አገኛቸው።

“አለህ እንዴ?” አሉት። “እኔ እኮ ሁለታችሁንም የቀበርኩ መስሎኝ ነበር።”

“ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እማማ።”

“ሥራ! ሥራ ባይኖር ምን ትዋሽ ነበር? በል፣ ልጫነው?”

ተጫኑት። ቀይ መብራት በራ። ጥሪው ማዘጋጃ ቤት ካለው ማሽን ደርሶ መልስ ሲመጣ፣ የነርሷ ስልክ ይጮሃል፣ መብራቱም አረንጓዴ ይሆናል። አልሆነም። ደገሙት። ቀይ።

“ይኸውልህ” አሉ ሂልያ። “ቁርጥ ያንተን ስልክ።”

ሬይዮ አልሳቀም፣ አልከፋውምም። ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ፈለገ። ጥሪዎቹ ማዘጋጃ ቤት ደርሰዋል፤ የጠፋው መልሱ ነው። አዲሱ ስዊች አዲስ አድራሻ አለው። ለዚህ ቤት ወደ ማዘጋጃ ቤት መሄጃውን ጽፎለታል፤ ለማዘጋጃ ቤቱ ወደዚህ መመለሻውን አልጻፈለትም። የጀማሪ ስህተት ነው። ስንቱን ጀማሪ በዚሁ ሲቆጣ የኖረ ሰው፣ አሁን ማፈር እንኳ አቃተው።

“ምን ሆኖ ነው?”

“መሄጃው አለ። መመለሻውን ረስቼዋለሁ።”

“ታዲያ እኔ እስካሁን የጫንኩት?”

“ደርሷል እማማ። መልስ ነው ያጣው።”

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩት። “እሱንማ አውቀዋለሁ” አሉ።

በማዘጋጃ ቤቱ ስዊች ላይ አንድ መስመር ጨመረና አስቀመጠ። ሂልያ ተጫኑ። አረንጓዴ ሆነ፤ ኡላም ከኮሪደሩ ማዶ ጮኸች። “እማማ ሂልያ! ምን ፈለጉ?”

“ምንም! ሰው መኖሩን ልይ ብዬ ነው!”

ምሳቸው መጣ። ሐሙስ ስለሆነ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ የአተር ሾርባ ነው። ሂልያ ሰናፍጩን እያማሰሉ፣ ቀና ሳይሉ ጠየቁት።

“አለቀስክ?”

“አላለቀስኩም።”

“እኔም። እኔስ እንባዬ በእርጅና ደርቆ ይሆናል አልኩ። አንተ ምን ሆነህ ነው?”

“እንጃ፣ እማማ። ምንም አይሰማኝም።”

ለማንም ያልተናገረው ነው። ተናገረው፤ ግን ምንም አልቀለለውም። ቢሮ ይጠብቁኛል ብሎ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሲያስነሳ ነፋሱ ጥዶቹን ያንገላታቸው ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን መብራት ይሄዳል። ያኔ ትዝ አለው። የማዘጋጃ ቤቱን አስቀምጧል፤ የዚህኛውን ቤት ስዊች ግን ጽፎ አላስቀመጠም። ያልተቀመጠ መንገድ መብራት እስኪሄድ ብቻ ነው የሚኖረው፤ ከዚያ የሂልያ ደወል ቀይ እንደበራ ይቀራል።

ቢሮው ተቀምጦ በአንድ ትእዛዝ ሊያስቀምጠው ይችላል። ይህን ከሱ የተሻለ የሚያውቅ በከተማው የለም። ሞተሩን ግን አጠፋ።

ሂልያ ሾርባውን አልነኩትም ነበር። “ደግሞ ምን ረሳህ?” አሉት።

“ማስቀመጥ።”

ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ድረስ አለቀ። ላፕቶፑን ከደነ፤ አልተነሳም። ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለው። አሁንም የሚሰማው ነገር አልነበረም፤ ግን ተቀመጠ።

ሂልያ ሳህናቸውን ወደ እሱ ገፋ አድርገው ደወሉን ተጫኑ። አረንጓዴ።

“አሁንስ ምን ፈለጉ፣ እማማ?” አለች ኡላ ከማዶ።

“አንድ ሳህን ጨምሪልን” አሉ ሂልያ። “ሰው አለ።”