የጫልቱን ውጤት ልንሰማ የሄድን ቀን

ከለቡ ስንነሳ

ጠዋት፣ ጉሙ ገና ከሜዳው ሳይነሳ፣ ሦስት ሆነን ከለቡ ወጣን፤ እኔ፣ ጎረቤቴ ጫልቱና ወንድሟ ቶላ። የምንሄደው ሆስፒታል ነው። ባለፈው በጫልቱ ጉሮሮ ካሜራ አስገብተው ናሙና ወስደውላት ነበር፤ ዛሬ ውጤቱን ልንሰማ ነው።

ጫልቱ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማም፣ አትናገርም። የእጅ ቋንቋ የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤትም አልገባችም። እኔም ብሆን ትምህርት ቤት ደጅ አልደረስኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ከልጅ ልጆቼ ጋር ነው። ቤት መቀመጥ ስለማልወድ ከእሷና ከላሞቿ ጋር ሜዳ ለሜዳ ስዞር ኖሬ፣ ለሁለታችን የሚሆን የእጅ ንግግር አበጀን። ቶላ ማለት ሪዝ ዳሰስ ማድረግ ነው። እኔ ምርኩዝ ነኝ። ላም፣ ግንባር ላይ ሁለት ጣት። ሐኪሞቹም "እማማ ብርቄን ሳትይዙ አትምጡ" ያሉት ለዚህ ነው።

ከዓቢይ ጾም በፊት ቦራ የምትባል፣ ግንባሯ ላይ ነጭ መስመር ያላት ላሟ ሞተችባት። ለቡ ድሮ እርሻ ነበር፤ ቦራ በሕንፃ መሀል የቀረችውን ሣር ስትግጥ ፌስታል ስትውጥ ኖራ፣ መብላት አቁማ፣ ከስታ ሞተች። ሆዷ ሲከፈት የታጨቀው ፌስታል ነው። ከዚያ ወዲህ ጫልቱም እንጀራ ተወች። ሁላችንም "ለላሟ አዝና ነው" አልን። በጾም ወተት ስትጠጣ ቢያገኛት ደግሞ ቶላ "ይቺ እግዜርንም አኮረፈች" ብሎ ተቆጣ። ሌላው አልወርድ ብሏት መሆኑን ማን አሰበ? ለፋሲካ የዶሮውን ሥጋ አላምጣ አላምጣ ወደ እጇ ስትመልሰው ነው የደነገጥነው።

እስከ አስፋልቱ በእግር ነው። ጫልቱ በየአጥሩ ሥር የወደቀ ፌስታል እየለቀመች ብብቷ ሥር ትከታለች፤ ቦራ ከሞተች ወዲህ ልማዷ ነው።

"እብድ መሰለች እኮ፤ ሰው ምን ይላል?" አለ ቶላ። "እትዬ፣ እስቲ ተይ በያት።"

"አንተው ንገራት። እጅ የለህም?"

እጁን ኪሱ ከተተ።

መካኒሳ

ሚኒባሱ ጢም ብሏል፤ ረዳቱ ግን "ማዘር ጠጋ ጠጋ፣ አንድ ሰው ነው" ይላል።

"ልጄ፣ ከዚህ ወዲያ የምጠጋው ሾፌሩ ጭን ላይ ነው" አልኩት፤ ሰዉ ሳቀ። ጫልቱም ሲስቁ አይታ ሳቀች።

መካኒሳ ወርደን ቁርስ ቤት ገባን። ፉል ስለተወደደ ለእኔና ለቶላ አንድ አዘዝን፣ ለጫልቱ ሻይ። ሻዩን ትንሽ ፉት ትልና፣ ዶሮ ውሃ ስትጠጣ እንደምታደርገው፣ አገጯን ወደ ላይ ታነሳለች። ከዳቦዬ ቆርሳ ሻይ ውስጥ ነከረች። አርሳ አርሳ አፏ ውስጥ አደረገችና ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ከዚያ በመሐረቧ መልሳ ተቀበለችው። ቶላ ፉሉን ገፋ አደረገው።

"እትዬ፣ ክፉ ነገር ከሆነ እንዳትነግሪያት" አለኝ ጠጋ ብሎ። "ለበሽተኛ አይነገርም።"

እውነቱን ነው፤ በእኛ አገር አይነገርም። ባሌ ሲታመም እኔ አውቄ፣ ልጆቹ አውቀው፣ ለቅሶ የሚደርሰው ጎረቤት ሁሉ አውቆ፣ እሱ ብቻ ሳያውቅ ነው የሄደው።

"እሺ" አልኩት።

ሆስፒታሉ

ከመካኒሳ ሌላ ታክሲ ይዘን ደረስን። አግዳሚው ላይ ብዙ ተቀምጠን ተጠራን። ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። መጀመሪያ የጫልቱን እጅ ጨበጠች፣ ቀጥላ ለእኛ ነገረችን።

"ካንሰር ነው። ምግብ የሚወርድበትን ቧንቧ እየዘጋው ነው። ጉበቷም ላይ ታይቷል፤ ቆርጠን አውጥተን አናድናትም። የምንችለው ቧንቧውን ከፈት አድርጎ የሚይዝ ቱቦ ማስገባት ነው። ያኔ ለስለስ ያለ ምግብ ይወርድላታል።"

"አስገቡላት" አለ ቶላ። "እትዬ፣ ለእሷ ትንሽ ቁስል ነው በያት።"

"ጉሮሮው የእሷ ነው" አለች ዶክተሯ። "እሷን ሳልጠይቅ አላስገባም። እማማ፣ ያልኩትን ይንገሩልኝ።"

ነጠላዬን ፈታሁ፣ መልሼ አጣፋሁ። ጫልቱ እጄን ታያለች። በአፍ ዝም ማለት ይቻላል፤ በእጅ ዝም ሲሉ ግን ይታያል።

እሷ አልጠበቀችኝም። ጣቷን ከግንባሯ ወደ አፍንጫዋ አወረደች፤ የቦራ ነጭ መስመር ነው። ጉሮሮዋን ያዘች። ከዚያ ደረቷን ነካች። እንደ ቦራ ነኝ ወይ?

ይህን ምልክት ቶላም ያውቀዋል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

አላለቀሰችም። ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ፣ ሐዘኑ የደረሰው በእኔ ይመስል። ቆይታ ሁለት ጣቷን ግንባሯ ላይ አደረገች፣ በእጆቿ ትልቅ ሆድ ሠራች፣ ዓይኗን አሳየች።

"ሌላ ላም አለቻት፣ ከብዳለች" አልኳት ዶክተሯን። "ጥጃዋን አያለሁ ወይ ነው የምትለው።"

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "መቼ ነው የምትወልደው?"

"ክረምት ሲገባ" አለ ቶላ፣ ለግድግዳው።

"ቱቦው ቶሎ ከገባ ተስፋ አለኝ በሏት። ቃል ግን አልገባም።"

ጣቴን በጉሮሮዬ ቁልቁል አውርጄ ቱቦውን አስረዳኋት፤ ተስፋውንም ነገርኳት። ቃሉ የሌለ መሆኑን ባዶ መዳፌን ገልብጬ አሳየኋት። መዳፌን አየችው፣ በእጇ ከደነችው፣ ከዚያ ጉሮሮዋን ለዶክተሯ አመለከተች። ይግባ። ለሚመጣው ሳምንት ተቀጠርን።

ወደ ቤት

በመልስ ታክሲ ተሳፈርን። ዝናብ መስኮቱን ይመታል። ብዙ መንገድ ሄጃለሁ፤ እንደ ዛሬው የከበደኝ የለም። አይነገራቸው ስንል የምናዝንላቸው ይመስለናል። ባሌም እንደ ጫልቱ የሚጠይቀው ጥጃ ይኖረው ነበር ይሆን እያልኩ ለቡ ደረስን።

ከአስፋልቱ ወርደን ስንሄድ ጫልቱ ፌስታሏን መልቀም ጀመረች። ቶላ ከኋላዬ ነበር፤ ኮቴው ሲጠፋብኝ ዞር አልኩ። ጎንበስ ብሏል። ከአጥሩ ሥር አንድ ጥቁር ፌስታል አነሳ፣ ጭቃውን አራገፈ፣ ፈጠን ብሎ ደረሰባትና ሰጣት። ተቀብላ ብብቷ ሥር ከተተችው። ከዚያ ከወዲያኛው ቦይ አጠገብ የወደቀ ሌላ በጣቷ አሳየችው።