መስኮት የሌለው ሐማም

የእህቴ ልጅ ከወሎ ስትመጣ ያረፈችው እኔ ዘንድ፣ ሱዳን፣ ዴም የሚባለው ሰፈር ነበር። የሱዳኑ ጦርነት ገና አልመጣም። በሰው በሰው ሥራ ተገኘላት፤ ፎቅ ቤት፣ ልጅ የበዛበት፣ ወለሉ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ። ዓርብ ዓርብ ስትመጣ እጇ ተላልጦ አያለሁ። «ቅባት ቀቢው» እላታለሁ። ሌላ ምን እላለሁ? የሁላችንም እጅ እንደዚያው ነው።

እኛ የሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች ሐማም፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ስናጥብ ሂጃባችንን አውልቀን፣ ቀሚሳችንን ወገባችን ላይ ሸጉጠን ነው። የቤቱ ወንድ ድንገት እንዳይገባብን በሩን ከውስጥ እንቀረቅራለን። እናቶቻችን ያሳደጉን በዚህ ነው። ያን ቀንም እሷ ቀርቅራ፣ የቤቱ እመቤት፣ መዳሟ፣ የሰጠቻትን ክሎር የሚሉትን በረኪናና ሱዳኖች የእሳት ውሃ የሚሉትን አሲድ አንድ ባልዲ ውስጥ አደባለቀች። ሽታው ካላቃጠለ የጸዳ አይመስለንም። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ እሷም እኔም አናነብም። ሐማሙ ደግሞ መስኮት የለውም። እንፋሎቱ አፍኖ ጣላት፤ በሩን ሰብረው ነው ያወጧት።

አልሞተችም፣ አልሐምዱሊላህ። ትንፋሿ ግን አልተመለሰም፤ ሁለት ቃል ተናግራ ታርፋለች። ሐኪም ቤት ተኝታ ሳለች መዳሟ በቦታዋ ሌላ ልጅ እንዳስገባች ሰማሁ። ያችም የወሎ ልጅ። እንቅልፍ የነሣኝ ይኼ ነው። የእኔዋስ የሆነችውን ሆናለች፤ የዚችኛዋ ሳንባ ግን ገና ደህና ነው።

የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚታይበት የመንግሥት መክተብ፣ ቢሮው፣ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ የብረት ቆብና ጓንት ያደረገ ሠራተኛ ሥዕል ተለጥፏል። ቦታውን አገኘሁት ብዬ ደስ አለኝ። ሰውየው ወንበር ሰጥቶ ሰማኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

«ያ ሐጃ፣ እኛ የምናየው ፋብሪካ ነው፣ ድርጅት ነው። የሰው ቤት አንገባም።»

«ልጄ፣ ሥራ ላይ ሳለች እኮ ነው። በእንግድነት አልሄደች።»

ሳቀ። «ሕጉ እንደዚያ ነዋ። ፖሊስ ይሞክሩ።»

«ፖሊስማ የሌላትን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ነው የሚጠይቀኝ። እኔ የምለምንህ፣ አንድ ሰው ልካችሁ ያንን ሐማም እንዲያይ ነው። መስኮት አውጡለት ይበላቸው። መንግሥት ካልተናገረ እኔን ማን ይሰማኛል?»

«ኢንሻአላህ» አለና ከኋላዬ የቆመውን ባለጉዳይ ጠራ።

ከዚያው በረክሻ፣ በባጃጅ፣ ወደ መዳሟ ቤት ሄድኩ። አዲሷ ልጅ ናት የግቢውን በር የከፈተችልኝ። እጇ ገና አልተላጠም።

«እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

«አንቺኑ ነው። ክሎርና አሲድ እንዳታደባልቂ፣ የኔ ልጅ። ከአንቺ በፊት የነበረችውን የጎዳት እሱ ነው። ሐማሙንም ስታጥቢ በሩን አትቀርቅሪ።»

«ማደባለቁንስ እሺ፣ እተወዋለሁ» አለች። ወደ ኋላዋ ገልመጥ አደረገችና ድምጿን ቀነሰች። «በሩን ግን… እማማ፣ የቤቱ ሰውዬ ኮቴው አይሰማም። መቀርቀሪያውን ከተውኩት ከሱ ምን ይከልለኛል?»

ከውስጥ «ያላ!» የሚል የሴት ድምፅ መጣ። ልጅቷ እጄን ሳም አድርጋ በሩን ዘጋችው። እኔ ፀሐዩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ መክተብ ተመልሼ ይህንንስ ለሰውየው ምን ብዬ እነግረዋለሁ?