ዲስኩ ወጥቷል?

ባለፈው ሳምንት መሳቢያ ሳጸዳ የድሮው የዩኤስቢ ማከፋፈያ እጄ ገባ። ባለ አራት ቀዳዳ፣ ጥቁር። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፤ የሞቀ ፕላስቲክ ሽታው እስካሁን አልለቀቀውም።

ዓረብ አገር፣ ናስር ሲቲ ስንኖር ታላቅ ወንድሜ ከአሮጌ ዕቃ ተራ በለቃቀመው ዕቃ ኮምፒውተር ገጣጥሞ ነበር። የኮራበት ኩራት! የፊት ለፊት ቀዳዳዎቹ ግን ለጌጥ ነበሩ፤ የሚሠሩት ከኋላ ያሉት አራቱ ብቻ ናቸው። ኪቦርድ፣ ማውስና ዋይፋይ ሲሰካ የምትቀረው አንዷ ናት። እሷ ላይ ማከፋፈያውን ሰካና ካሜራውንና የመመረቂያ ሥራው ያለበትን ዲስክ አገናኘ። ማከፋፈያው ግን አቅም የለውም፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይችልም።

እናታችን ለሕክምና አዲስ አበባ ነበረች። አባቴን፣ ወንድሜንና እኔን አንድ ላይ ማየት ስለምትፈልግ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ የጎረቤት የአሣ ጥብስ በመስኮት ሲሸተን፣ በኮምፒውተሩ እንደውልላታለን። ከመደወላችን በፊት ወንድሜ "ዲስኩ ወጥቷል?" ይላል። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ "ወጥቷል" እላለሁ። ሥራዬ ይኼ ነበር።

የመጨረሻዋ ዓርብ ዋሸሁት። እናቴ በጣም ከስታ ነበር፤ ፊቷን ቀድቼ ላስቀር ፈለግኩ። ኮምፒውተሩ ሞልቶ ስለነበር ቪዲዮ የሚይዝልኝ ዲስኩ ብቻ ነው። ብጠይቀው እምቢ ይለኛል ብዬ መቅጃውን በድብቅ ከፈትኩ።

ትንሽ እንዳወራን ካሜራው ጠፋ፤ ማይኩ እሱ ላይ ስለሆነ ድምፃችንም አብሮት። እኛ እናያታለን፣ እንሰማታለን፤ እሷ አታየንም።

"መብራት ጠፋባችሁ እንዴ ልጆቼ?" አለች ጠጋ ብላ። "በሉ ሲመጣ ደውሉ። እጠብቃለሁ።"

ወንድሜ ጎንበስ ሲል የዲስኩን ሰማያዊ መብራት አየ። ነቀለው። ቀና ብሎ አየኝና ለአባታችን፣ "ኸላስ፣ አበቃ፣ ማከፋፈያው ተቃጥሏል" አለው። የአባቴ ስልክ አልገባ አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍተን እንደገና አስነሥተን ስንደውል ያነሣችው እናቴን የምታስታምመው አክስቴ ነበረች፤ እናታችሁ ስትጠብቅ ቆይታ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ነገ ደውሉ አለችን።

ሌሊቱን አረፈች። ቪዲዮውም ሳያልቅ ስለተነቀለ እስከ ዛሬ አይከፈትም።

ትናንት ወንድሜ ጋ ደውዬ ማከፋፈያውን አገኘሁት አልኩት። "ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ልጅ ነበርሽ" አለኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ምን ልጅ ነኝ። እሷ ደግሞ እጠብቃለሁ ብላ ነበር።