የባለ ክንፏ ጥጃ መጨረሻ

አስናቀ የግድግዳ ጎረቤቴ ነበር። የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ኤሌክትሪሽያን ነው። ከደሴ ተመድቦ መጣና ሚስት ሳያገባ፣ ዘመድ ሳይጠይቀው፣ ጣና ዳር ካለችው የቀበሌ ቤት ብቻውን ተቀመጠ። ሲያስነጥሰው እንኳ «ይማርህ» የምለው እኔው ነበርሁ፣ በግድግዳው በኩል።

በኋላ ጅዳ ያለች እኅቱ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ ላከችለት፤ ከአንድ ካሴት ጋር። እኔ ሕንዶች የሚዘፍኑበት መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሥዕል ፊልም ነው። ከወፍራም ልብ ወለድ የተወሰደ ነው አለን። ክንፍ ያላት ጥጃ ከእናቷ ጠፍታ ተራራ ለተራራ እየበረረች ቤቷን ትፈልጋለች። «ላም አለኝ በሰማይ ያሉት ለካ ይችን ኖሯል» ብዬ ሳቅሁበት።

ሳቅሁ እንጂ የቀረሁበት እሑድ የለም። ከቀበሌ ስብሰባ መልስ ግቢው ሁሉ እሱ ቤት ይታጨቃል። እሱ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ እንግሊዝኛውን በእኛ ቋንቋ ይነግረናል። ያ ዝምተኛ ሰው የጥጃዋን ድምፅ ሲያወጣ ብታዩት፣ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው።

ታዲያ ካሴቱ ከሌላ ካሴት የተቀዳ ነውና፣ ጥጃዋ ከመጨረሻው ኮረብታ ላይ ሆና የቤቷን ጢስ ስታይ ክሩ ያልቃል። የመጀመሪያው ቀን የግቢያችን ባልቴት እማማ የብርጓል፣ «ከዚያስ? ገባች?» ብለው ጠየቁት። ክንዱ የሚባለው አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ፣ ወደ ሰሜን ሄደ ከተባለ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። አስናቀ ፊታቸውን አየና፣ «ገባች እንጂ። እናቷ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ላሰቻት» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ይህችን ሳይሰሙ አይነሡም።

በዓመቱ እኅቱ ሌላ ካሴት ላከች። ያው ፊልም ነው፤ ግን ይኸኛው ፊልሙን የሠራው ኩባንያ ራሱ ለየቤቱ እንዲሸጥ ያወጣው፣ ማሸጊያው ላይ ጥጃዋ በቀለም የተሣለችበት፣ ሙሉው ነው። ዕቃውን ከአውቶቡስ ተራ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ያመጣሁትን ደግሞ ግቢው ሳይሰማ አያድርም። እማማ የብርጓል ነጠላቸውን አጥበው እሑድን ጠበቁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ብቻውን ሲያየው ሰማሁት። ሙዚቃው አለቀና ጸጥ አለ። ገብቼ «እህሳ?» ብለው፣ ዐይኑ ቀልቷል።

«ከደጃፉ ሳትደርስ ክንፏ ይሰበራል» አለኝ። «እናቷ በር ላይ እንደቆመች ያልቃል። ማሸጊያው ላይ ልክ እንደ መጽሐፉ ነው ይላል።»

በማግሥቱ ሰዉ ሲሰበሰብ አስናቀ በር ላይ ቆሞ «ዴኩ ተቃጥሏል» አለ። አሮጌውን እንዳያሳይ፣ አዲሱን አምጣ ይሉታል። እስቲ ፍረዱኝ፤ የፋብሪካ ማሽን የሚያስነሣ ሰው የገዛ ዴኩን መጠገን አቃተኝ ቢል ማን ያምናል? «ጠግቧል፤ ለብቻው ሊያየው ነው» አሉ። ሰላምታ እንኳ ነፈጉት። እኔ ምላሴን ነክሼ ዝም አልሁ፤ ለእኔ ምላስ ይህ ቀላል አይደለም። እሑድ እሑድ ወንበሮቹን ሲደረድርና መልሶ ሲያነሣ በግድግዳው እሰማዋለሁ።

ፍልሰታ ሊገባ ሲል እማማ የብርጓል ደጃፉን አንኳኩ። እኔም ተከትዬ ገባሁ። ከጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እማማ፣ ዴኩ እኮ ተበላሽቷል» አላቸው።

«ይበላሽ። ያየኸውን አልጠይቅህም፣ ልጄ» አሉት። «ያንተን ንገረኝ።»

አስናቀ እንደ ድሮው ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመና ከመጀመሪያው ጀመረ። ተራራውን ሁሉ አሻገራት፤ ኮረብታው ላይ አደረሳት። «እናቷ በር ላይ ቆማ ነበር» ሲል ድምፁ ተሰበረ።

እማማ የብርጓል ትንሽ ጠበቁት።

«ላሰቻት» አሉ።