ዘመድ የሌለበት መንገድ

ላስታ ሞባይል ሳይገባ ነው። ሦስት ጓደኛሞች ከላሊበላ ተነስተን ለቀናት በእግር ልንጓዝ ስንመክር፣ በኩልመስክ በኩል የአንዱ አክስት፣ በፍላቂት በኩል የእኔ አጎት ነበሩ። ዘመድ ቤት የገባ መንገደኛ ደግሞ ቶሎ አይለቀቅም። ስለዚህ ማንም ወደማያውቀን ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ወጣን።

እላይ ስንደርስ ጉም ዋጠን። የገዛ ድምፃችን ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች ጋቢ የለበሱ ሰዎች መስለውት አንዱ ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«እግዜር ይመስገን» የሚል መልስ መጣ።

ገብሳቸውን ከጭላዳ ዝንጀሮ የሚጠብቁ ሽማግሌ በጅብራዎቹ መካከል ቆመው ኖሯል። የማን ልጆች እንደሆንን ጠየቁን። የእኔን ዘር ወደ ላይ እያስቆጠሩኝ ከቅድመ አያቴ አባት ሲደርሱ ስሙን ከእኔ ቀድመው ጠሩና እጄን ያዙ።

ጉሙ በማግሥቱ ለቀቀን። እርሳቸው ግን አልለቀቁንም።