ሁለቱ እኩል የፍሎሪን አቶሞች

በደርግ ጊዜ ካድሬዎች ከኮሌጅ መኝታ ክፍሌ ወስደው ሐይቁ ዳር ወዳለ መጋዘን አስገቡኝ። መጋዘኑ የዓሣና የታንኳ መሥሪያ እርጥብ ደንገል ሽታ ነበረው። ግራ እግሬን ከአንድ የቁንዝላ ታንኳ ቀዛፊ ቀኝ እግር ጋር በአንድ እግር ብረት አሰሩት። ሰውዬው ሰው አሻግረሃል ተብለው ተገርፈው ውስጥ እግራቸው አብጧል። የገረፋቸው ካድሬ በእኔው ኮሌጅ በአንድ ዓመት የሚቀድመኝ ተማሪ ነበር። አንድ ቀን በሰው ፊት እንደማዋርደው ለራሴ ማልሁ።

የኬሚስትሪ ፈተና ደርሶብኝ ስለነበር ትምህርቱን ለቀዛፊው እያስረዳሁ አጠና ነበር።

"ፍሎሪን የሚባል ጋዝ አለ" አልኋቸው። "አቶሞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚኖሩ። ለእያንዳንዱ አንድ ኤሌክትሮን ይጎድለዋል፤ ስለዚህ አንድ አንድ አዋጥተው በጋራ ይይዙታል።"

"እንደኛ በብረት ነዋ!" አሉና እግራቸውን ነቅነቅ አደረጉ። "ጌታው የትኛው ነው?"

"ጌታ የለም። ሁለቱም እኩል ናቸው።"

ካድሬው በር ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል፤ ይህን ሰምቶ ሄደ።

"ቢለያዩሳ?" አሉኝ ቀዛፊው።

"ያገኙትን ሁሉ ያጠቃሉ። ብርጭቆ እንኳ አይመልሳቸውም።"

በማግስቱ ካድሬው እስረኛውን ሰብስቦ ስለ ማርክሲዝሙ የተቃራኒዎች አንድነትና ትግል ሕግ አስተማረ። "ጋዝ እንኳ ከዚህ ሕግ አያመልጥም" አለ። "ከሁለቱ የፍሎሪን አቶሞች አንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ነጌቲቭ ነው። ተማሪው፣ ተነሥና አረጋግጥ! ዛሬውኑ ትፈታለህ፤ ለፈተናህም ትደርሳለህ።"

ስነሣ ብረቱ ቀዛፊውንም አስነሣቸው። ያበጠ እግራቸውን አየሁት።

"ጓድ፣ ተሳስተዋል" አልሁ፣ ክፍል ውስጥ እንደምመልሰው በትሕትና። "ሁለቱ አንድ ዓይነት አቶሞች ናቸው፤ ኤሌክትሮኖቹን እኩል ይስባሉ። ፖዘቲቭም ነጌቲቭም የለም። የአንደኛ ዓመት ትምህርት ነው፤ እርስዎም ተፈትነውበታል።"

"ወድቆ ይሆናላ!" አሉ ቀዛፊው።

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። ካድሬውን ላብ አጠመቀው። ያ ሳቅ አንጀቴን አራሰው።

ወዲያው ብረቱን አስፈትቶ ለያየንና እኔን ለብቻዬ ቆለፈብኝ። ፈተናው አለፈኝ። ቀዛፊውን ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም፤ ቁንዝላ ሄጄ ብጠይቅም አልተመለሱም አሉኝ።

ደርግ ወድቆ፣ ዘንድሮ ያንኑ አንደኛ ዓመት እንደገና ጀምሬአለሁ። በቀደም የዘጌን ጀልባ ስጠብቅ ያ ካድሬ መጣና እጁን ዘረጋልኝ።

"ያለፈው አለፈ፣ ወንድሜ! ፍሎሪንህ እንዴት ነው?"

እጄን ከኪሴ አላወጣሁም። ያኔ ትምህርቱን እስከ መጨረሻው ሳይሰማ ነው ከበሩ የሄደው። ሁለቱ ሲለያዩ ምን እንደሚሆኑ አሁንም አልጠየቀኝም።